«ከካናቢስ አይለይም» ለተባለው ሰው ሠራሽ ማሪዋና የተሰጠ ምላሽ

በሰው ሠራሽ ማሪዋና፣ ማለትም ሰው ሠራሽ ኬሚካል ተረጭቶበት በከረጢት በሚሸጥ ደረቅ ቅጠል ላይ የሚነዛው ፍርሃት ከመጠን ያለፈ ነው የሚል ረዘም ያለ ጽሑፍ ሰሞኑን አንብቤያለሁ። ጸሐፊው ሐሳባቸውን በተረጋጋ ቋንቋ ያቀረቡ ከመሆናቸውም በላይ ከሚሉት አንዳንዱ እውነት ስለሆነ፣ ጽሑፉን በጅምላ ከማጣጣል ይልቅ ነጥብ በነጥብ እያነሡ መመለሱ የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የክርክራቸው ጭብጥ በአጭሩ ይህ ነው። ንጥረ ነገሩ በአንጎል ውስጥ የሚሠራው ከተፈጥሮ ካናቢስ ጋር በአንድ ቦታ ስለሆነ ጉዳቱም ከካናቢስ ሊለይ አይችልም፤ የተገኘው በሳይንቲስቶች ቤተ ሙከራ ነው፣ ተመሳሳዮቹም በሐኪም ትእዛዝ ይሸጣሉ፤ ታሽጎና ይዘቱ ተጽፎበት ስለሚቀርብ ተጠቃሚው በጥቂቱ ጀምሮ መጠኑን መቆጣጠር ይችላል፤ በበርካታ አገሮች ለዓመታት በግልጽ ተሽጧል፣ የታገደውም በፖለቲካ ግፊት ነው፤ ሞቱ የሚባሉት ጥቂቶች፣ እነሱም ሌላ ነገር ደባልቀው የወሰዱ ናቸው፤ ሱስ አያስይዝም፤ በሽንት ምርመራ ስለማይታይም የሥራ ቦታ ምርመራ ላለባቸው ሰዎች ይመቻል። በመጨረሻም አንድ ሰው አብዝቶ ወስዶ ራሱን ቢስት ጸጥ ባለ ቦታ አስተኝቶ መተው እንደሚበቃ ይመክራሉ። ዓመተ ምሕረት በምጠቅስበት ቦታ ሁሉ የአውሮፓውያንን አቆጣጠር መጠቀሜን አስቀድሜ ልናገር።

የማልከራከርባቸውን ነገሮች በመጀመሪያ ላስቀምጥ። ጸሐፊው እንደሚሉት በመንገድ ላይ ደንዝዘው የቆሙ ሰዎችን «ዞምቢ» እያሉ በቪዲዮ ማሰራጨት ነውር ነው፤ ስለ ጉዳቱ የሚያስተምረው ነገርም የለም። እገዳ ብቻውን ችግሩን እንዳልፈታው፣ አንዳንዴም እንዳባባሰው ከታች የማነሣው ስለሆነ በዚህም አንጣላም። ልዩነታችን ያለው ከሥሩ ነው። ጸሐፊው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መስመር ስለ አንድ ነገር፣ ማለትም ባሕርይው ስለሚታወቅና ሰው በልምድ ሊለካው ስለሚችል ዕፅ እንደሚጽፉ ነው የሚጽፉት። በተጨባጭ ግን በአንድ ስም የሚሸጡት እርስ በርሳቸው የማይመሳሰሉ እጅግ ብዙ ኬሚካሎች ናቸው። የአውሮፓ የአደንዛዥ ዕፅ ቁጥጥር ማዕከል ከ2008 ወዲህ ብቻ ከ240 በላይ የሚሆኑትን መዝግቧል። የትኛው ኬሚካል በየትኛው ከረጢት ውስጥ፣ በምን ያህል መጠን እንዳለ የሚያውቅ ገዢ የለም፤ ብዙውን ጊዜ ሻጩም አያውቅም። ጸሐፊው ያነሷቸው ነጥቦች ሁሉ የሚፈርሱት በዚህ ምክንያት ነው፤ ትናንት የተጨሰው ምንም ያላደረገው ሰው ስለ ዛሬው ከረጢት ያወቀው ነገር የለም።

የመጀመሪያው ነጥባቸው የሌሎቹ ሁሉ ምሰሶ ነው። የካናቢስ ዋና አደንዛዥ ንጥረ ነገር የሆነው ቲኤችሲም ሆነ ሰው ሠራሾቹ ውሕዶች ሲቢ1 ከሚባለው፣ በአንጎል የነርቭ ሕዋሳት ላይ ከሚገኘው ተቀባይ ጋር መጣበቃቸው እርግጥ ነው። ነገር ግን አንድ ቦታ ላይ መጣበቅና አንድ ዓይነት ሥራ መሥራት ይለያያሉ። ቲኤችሲ ይህን ተቀባይ የሚያነቃቃው በከፊል ነው፤ መጠኑ እየተጨመረ ቢሄድም ተቀባዩ የሚሰጠው ምላሽ ከተወሰነ ደረጃ አያልፍም። በገበያ ላይ ከተገኙት ሰው ሠራሽ ውሕዶች አብዛኞቹ ግን ሙሉ አነቃቂዎች በመሆናቸው ተቀባዩን እስከ አቅሙ ጣሪያ ድረስ ያሠሩታል፤ ለዚህም የሚያስፈልጋቸው መጠን እጅግ ትንሽ ነው። ጄደብልዩኤች-018 በተባለው ውሕድ ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት ደግሞ ሰውነት ውሕዱን ሰባብሮ ለማስወገድ በሚያደርገው ሂደት የሚፈጠሩት ስብርባሪዎች ራሳቸው ያንኑ ተቀባይ ማነቃቃታቸውን ይቀጥላሉ። የካናቢስ ተክል በውስጡ የቲኤችሲን ጫና ሊያለዝብ እንደሚችል የሚገመተው ካናቢዲዮል የተባለ ንጥረ ነገር አለው፤ በተረጨው ቅጠል ላይ ግን ይህ የለም።

በዚሁ ነጥብ ሥር ጸሐፊው ካናቢስ ብቻውን ወስዶ የሞተ ሰው እምብዛም እንደማይታወቅ ጠቅሰው፣ ይህንኑ ለሰው ሠራሹም ያወርሱታል። ካናቢስ ትንፋሽን አቁሞ የማይገድልበት አንዱ ምክንያት አተነፋፈስን በሚቆጣጠረው የአንጎል ግንድ ውስጥ የሲቢ1 ተቀባዮች ጥቂት መሆናቸው ነው። ይህ ማብራሪያ እንደ ኦፒዮይድ (እንደ ሞርፊንና ሄሮይን ያሉ ዕፆች) ባለ መንገድ ለምን እንደማይገድል ይናገራል፤ በሌላ መንገድ እንደማይገድል ግን ዋስትና አይሰጥም። ሰው ሠራሾቹን ወስደው ሆስፒታል የደረሱ ሕሙማን ላይ የታየው የልብ ምት ሥርዓት መዛባት፣ ተደጋጋሚ የሚጥል መንቀጥቀጥ፣ ራስን ስቶ በራስ ትውከት መታነቅ፣ የሰውነት ሙቀት መናር፣ የጡንቻ ሕዋሳት መፈራረስና የኩላሊት ሥራ ማቆም ነው። ከእነዚህ እያንዳንዱ ለሞት ይበቃል።

የቤተ ሙከራ ትውልዱን በተመለከተ ጸሐፊው ግማሹን ታሪክ በትክክል ተናግረዋል። ጄደብልዩኤች በሚል ቅጥያ የሚታወቁት ውሕዶች በአሜሪካ በክሌምሰን ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር በነበሩት በጆን ሃፍማን ቤተ ሙከራ የተሠሩ ናቸው፤ የስማቸው መነሻም የፕሮፌሰሩ ስም ፊደላት ናቸው። ሌላው ታዋቂ ውሕድ ኤችዩ-210 ደግሞ በኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ተገኝቷል። ያልተናገሩት ግማሽ የተሠሩበት ዓላማ ነው። ተመራማሪዎቹ እነዚህን ውሕዶች ያዘጋጁት የተቀባዩን ቅርጽና አሠራር ለማጥናት እንጂ ሰው እንዲወስዳቸው አልነበረም፤ ለተመራማሪ ጠቃሚ የሚያደርጋቸው ከተቀባዩ ጋር በብርቱ መጣበቃቸው ሲሆን ለአጫሽ አደገኛ የሚያደርጋቸውም ይኸው ነው። ወደ ገበያ የገቡት አብዛኞቹ በሰው ላይ አንድም የደኅንነት ሙከራ ሳይደረግባቸው፣ ከታተሙ የምርምር ጽሑፎችና ከባለቤትነት መብት ሰነዶች ላይ ቀመራቸው ተገልብጦ ነው።

በሐኪም ትእዛዝ ስለሚሸጡት ያነሡት ነገር አንባቢን የማሳሳት ኃይል ስላለው ግልጽ መሆን አለበት። ድሮናቢኖል በአሜሪካ በ1985 የተፈቀደ፣ በካንሰር ሕክምና ምክንያት ለሚመጣ ማቅለሽለሽና ትውከት የሚታዘዝ መድኃኒት ነው። በፋብሪካ ይሠራ እንጂ ውሕዱ ራሱ ቲኤችሲ ነው፤ በ2.5፣ በ5 እና በ10 ሚሊ ግራም እንክብል ተመዝኖ ይሰጣል፤ የጎንዮሽ ጉዳቱ ተጠንቷል፤ የሚወስደው ሰው ሐኪም አለው። ሁለቱ በፋብሪካ በመሠራታቸው ብቻ አንድ ናቸው ማለት ምንም የማያስረዳ ንጽጽር ነው።

አሁን ከሁሉም ይበልጥ ወደሚያሳስበኝ ነጥብ ልምጣ። ጸሐፊው ጀማሪዎች በጥቂቱ እንዲሞክሩና ሰውነታቸውን እያዳመጡ እንዲጨምሩ ይመክራሉ። ምክሩ ከቅንነት የመጣ ሊሆን ይችላል። ቅጠሉ እንዴት እንደሚዘጋጅ ለሚያውቅ ሰው ግን ምክሩ ተግባራዊ ሊሆን የማይችል ነው። ዱቄቱ በአብዛኛው ከውጭ በኪሎ ይገዛል። በአሴቶን ወይም በአልኮል ይሟሟል። ከዚያም ደርቆ የተከተፈ ማንኛውም ዓይነት ቅጠል ላይ ይረጫል ወይም ቅጠሉ ውስጡ ይዘፈዘፋል፤ ፖሊስ በደረሰባቸው አንዳንድ ቦታዎች ለማደባለቂያ ያገለግል የነበረው ለግንባታ የሚውል የሲሚንቶ ማደባለቂያ ነበር። አሴቶኑ ተንኖ ሲያልቅ ቅጠሉ በሚያብረቀርቅ ትንንሽ ከረጢት ይታሸጋል። እዚህ ሂደት ውስጥ ኬሚካሉ በሁሉም ቅጠል ላይ እኩል እንዲደርስ የሚያደርግ አንድም ነገር የለም፤ በደንብ ባልታሸ ሊጥ ውስጥ ጨው አንድ ቦታ እንደሚከማች ሁሉ፣ ከአንዱ ከረጢት ጥግ የተቆነጠረው ምንም ላይኖረው፣ ከሌላው ጥግ የተቆነጠረው ደግሞ የብዙ ሰው መጠን ሊይዝ ይችላል። በጥቂቱ የጀመረው ሰው የጀመረው በጥቂት ቅጠል እንጂ በጥቂት ኬሚካል መሆኑን የሚያረጋግጥበት መንገድ የለውም።

የኬሚካሎቹ ብርታት ሲታሰብ ደግሞ ነገሩ ይከፋል። ሐምሌ 2016 በኒው ዮርክ ብሩክሊን 33 ሰዎች በአንድ ቀን ደንዝዘው በመንገድ ላይ ተገኝተው ነበር፤ ከእነሱ 18ቱ ወደ ሆስፒታል ተወስደዋል። በኋላ ምርቱ ሲመረመር የተገኘው ኤኤምቢ-ፉቢናካ የተባለ ውሕድ ነበር፤ በሕሙማኑ ደምና ሽንት ውስጥ የተገኘው ደግሞ የውሕዱ ስብርባሪ ነው፤ ተመራማሪዎቹ ብርታቱን ከቲኤችሲ 85 እጥፍ፣ የመጀመሪያው ትውልድ ከሆነው ከጄደብልዩኤች-018 ደግሞ 50 እጥፍ አድርገው ገምተውታል። በአንድ ግራም ቅጠል ላይ የተገኘው በአማካይ 16 ሚሊ ግራም ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በተመሳሳይ ከረጢት የጄደብልዩኤች-018 ልምድ ያካበተ ሰው፣ ያንኑ መጠን ነው የምወስደው ብሎ ይህን ቢያጨስ ምን እንደሚገጥመው አንባቢ ሊያሰላው ይችላል። የሚታየው ቅጠል፣ የሚሸተው ሽታና የከረጢቱ ሥዕል አልተለወጠም፤ የተለወጠው የማይታየው ነው።

ይዘቱ ተጽፎበታል ለሚለው መልሱ አጭር ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከረጢቶቹ ላይ የአበባና የዕፀዋት ስም ይደረደር ነበር እንጂ የተረጨው ኬሚካል ስም አንድም ጊዜ አይጻፍም ነበር፤ ከተዘረዘሩት ዕፀዋት መካከልም በምርመራ ያልተገኙ ነበሩ። ሻጮቹ ራሳቸው «ለሰው ፍጆታ የማይውል» የሚል ጽሑፍ የሚያትሙበት ምክንያት ከተጠያቂነት ለማምለጥ ነው፤ ጸሐፊው በጥራት ማረጋገጫነት የጠቀሱት ማሸጊያ ይህን ጽሑፍ የያዘው ነው።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ፣ ጸሐፊው ፈጽሞ ያላነሡት ጉዳይ አለ፤ ይኸውም ከኬሚካሉ ሌላ ከረጢቱ ውስጥ የሚገባው ነገር ነው። በመጋቢት 2018 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት ሰዎች ከድድና ከአፍንጫቸው እየደሙ፣ ሽንታቸው ደም እየሆነ ወደ ድንገተኛ ክፍል መምጣት ጀመሩ። የሚያመሳስላቸው ሰው ሠራሽ ማሪዋና ማጨሳቸው ብቻ ነበር። ደማቸው ውስጥ የተገኘው ብሮዲፋኩም ነው፤ ብሮዲፋኩም የአይጥ መርዝ ሲሆን ሰውነት ደም ለማርጋት በቫይታሚን ኬ እንዳይጠቀም በማድረግ ነው የሚገድለው። በዚያ ግዛት ብቻ ከ150 የሚበልጡ ሰዎች ታመው ቢያንስ 4ቱ ሞተዋል። መርዙ ከሰውነት ቶሎ ስለማይወጣ የተረፉት ከሆስፒታል ከወጡ በኋላም ለሳምንታት፣ አንዳንዶቹም ለወራት ከፍተኛ መጠን ያለው ቫይታሚን ኬ በየቀኑ መዋጥ ነበረባቸው። እነዚህ ሰዎች ስለ ካናቢስ ተቀባይ የፈለጉትን ያህል ቢያውቁ፣ በጥቂቱ ቢጀምሩም እንኳ፣ የሚያድናቸው ነገር አልነበረም።

ሕጉን በተመለከተ ጸሐፊው የሚያነሡት ክርክር ከሌሎቹ ይልቅ ክብደት አለው። በአውሮፓ «ስፓይስ» እየተባለ በሱቅና በኢንተርኔት ይሸጥ የነበረው ምርት በውስጡ ጄደብልዩኤች-018 እንዳለው በጀርመን የታወቀው በታኅሣሥ 2008 ነው። ከዚያ በፊት ለዓመታት የተሸጠው አንድ ባለሥልጣን መርምሮ ደኅንነቱን ስላረጋገጠ ሳይሆን፣ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ስላልነበረ ነው። ስለዚህ «ሕጋዊ ነበር» የሚለው ቃል ያልተከለከለ ማለት እንጂ የተፈቀደ ማለት አልነበረም። ጀርመን በጥር 2009 ውሕዱን አገደች፤ አራት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ በጥቂቱ የተለወጠው ጄደብልዩኤች-073 በቦታው ገበያ ላይ ነበር። አሜሪካ በመጋቢት 2011 አምስት ውሕዶችን በአስቸኳይ ስታግድም የሆነው ይኸው ነው፤ ኬሚስቶቹ የሞለኪዩሉን አንድ ጫፍ ቀይረው በሕጉ ውስጥ ያልተጠቀሰ አዲስ ውሕድ ይዘው ብቅ አሉ። ቻይና በሐምሌ 2021 በየስማቸው ሳይሆን በኬሚካላዊ ቤተሰብ ደረጃ ስታግዳቸውም ከቤተሰቡ ትርጓሜ ውጪ የሆኑ አዳዲስ ዓይነቶች ተከትለዋል።

ጸሐፊው ከዚህ የሚደርሱበት ድምዳሜ እገዳው ነው ጥፋተኛው የሚል ነው። በከፊል እቀበለዋለሁ፤ እያንዳንዱ እገዳ ይበልጥ ብርቱና ይበልጥ የማይታወቅ ተተኪ ማምጣቱ በማስረጃ የታየ ነው። ነገር ግን ተቃራኒውን መንገድ የሞከረች አገርም አለች። ኒው ዚላንድ በ2013 ባወጣችው ሕግ አምራቾች ምርታቸው አነስተኛ ጉዳት ብቻ እንዳለው ካስመሰከሩ ፈቃድ አግኝተው እንዲሸጡ በር ከፈተች፤ ለጊዜውም በርካታ ምርቶች በሽያጭ ላይ እንዲቆዩ ፈቀደች። በግንቦት 2014 ጊዜያዊ ፈቃዶቹ ሁሉ ተሰረዙ፤ ከዚያ በኋላ መመዘኛውን አልፎ የተፈቀደ ምርት የለም። በሩ ክፍት ሆኖ ሳለ ደኅንነቱን አስመስክሮ የገባ አለመኖሩ ለእኔ ከእገዳ ይልቅ የሚናገር ነገር ነው። በሌላ በኩል በዚያው አገር ከሰኔ 2018 በፊት በነበረው አንድ ዓመት ከ40 እስከ 45 የሚደርሱ ሰዎች በእነዚህ ኬሚካሎች ምክንያት እንደሞቱ የሞት መንስኤ መርማሪዎች ጊዜያዊ አኃዝ ማመልከቱንም መሸሸግ አይገባም፤ ይህ የሆነው ሕጋዊው ሽያጭ ከቆመ በኋላ፣ ብርቱዎቹ ውሕዶች በስውር ገበያ በገቡበት ጊዜ ነው። ይህ ስለ ፖሊሲ ለመከራከር ያስችላል። ከረጢቱ ውስጥ ያለው አይጎዳም ለማለት ግን አያስችልም።

እዚህ ላይ የጠቀስኩት አኃዝ «የሞቱት ጥቂቶች ናቸው» ለሚለውም በከፊል መልስ ነው። በአምስት ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ውስጥ፣ በዚያ ላይ ቀደም ባሉት አምስት ዓመታት የተረጋገጠው ሞት ሁለት ብቻ በነበረበት አገር፣ ይህን ያህል ሰው በአንድ ዓመት መሞቱ ጥቂት አይባልም። በአሜሪካ በ2015 የመጀመሪያዎቹ አምስት ወራት የመርዝ መረጃ ማዕከላት በዚህ ምክንያት የተደወለላቸው 3,572 ጊዜ ነበር፤ በቀደመው ዓመት በተመሳሳይ ወራት 1,085 ነበር። በእነዚያ ወራት ከተመዘገቡት ውስጥ 15 ሰዎች ሞተዋል። ሌላ ነገር ደባልቀው የወሰዱ መኖራቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን አንድ ሰው ምን እንደያዘ በማያውቀው ከረጢት ላይ ምን እንደደባለቀ ሊያውቅ ስለማይችል፣ ክርክሩ ጸሐፊው ከፈለጉት በተቃራኒ አቅጣጫ ይሄዳል።

ከሞት በታች ያለው ጉዳትም ሊታለፍ አይገባም። በ2012 በስድስት የአሜሪካ ግዛቶች 16 ሰዎች ሰው ሠራሽ ማሪዋና ካጨሱ በኋላ ኩላሊታቸው በድንገት ሥራ አቁሞ ነበር፤ ከዚያ በፊት የታወቀ የኩላሊት ሕመም አልነበራቸውም፤ አብዛኞቹ ወጣቶች ነበሩ፤ አምስቱ የኩላሊት እጥበት አስፈልጓቸዋል። ምልክታቸው የጀመረው በማቅለሽለሽ፣ በትውከትና በጎን ሕመም ስለነበር ማንም ከኩላሊት ጋር አያያይዘውም ነበር። በ2011 ደግሞ በቴክሳስ ሦስት የ16 ዓመት ልጆች «ኬ2» የተባለውን ምርት ካጨሱ በኋላ በደረት ሕመም ሆስፒታል መጥተው፣ ምርመራው የልብ ጡንቻቸው መጎዳቱን አሳይቷል። በዚህ ዕድሜ ሐኪም የልብ ድካምን መጀመሪያ አይጠረጥርም። በአእምሮ በኩል የሚታየው ከፍተኛ ፍርሃት፣ የሌለውን ማየትና መስማት፣ አሳዳጅ አለብኝ ማለትና ብርቱ ቁጣ ነው፤ በአብዛኛው በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ቢያልፍም፣ በአንዳንዶች ላይ ለሳምንታት ሲቆይና ቀድሞ የአእምሮ ሕመም የነበረባቸውን ሲያገረሽባቸው ታይቷል።

ሱስ አያስይዝም የሚለው ነጥብ ሲነበብ ጽሑፉ በጣም የተማመነበት ነው፤ ሲመረመር ግን በጣም የደከመው። እነዚህ ውሕዶች ብዙውን ጊዜ የሚያደነዝዙት ለአጭር ጊዜ ነው፤ ስሜቱ ቶሎ ይመጣል፣ ቶሎም ይጠፋል። ተጠቃሚው ስሜቱ ሲለቀው ሌላ ይለኩሳል፤ ተቀባዮቹ ያለ ፋታ እስከ ጣሪያቸው ሲነቃቁ አንጎል ቁጥራቸውንና ምላሻቸውን ይቀንሳል፤ ያኔ የትናንቱ መጠን የዛሬውን ስሜት አይሰጥም። በጀርመን በ2009 በሕክምና መጽሔት የታተመ የአንድ የ20 ዓመት ወጣት ታሪክ ይህን በቅርበት ያሳያል። ወጣቱ «ስፓይስ ጎልድ» የተባለውን ምርት ለስምንት ወራት በየቀኑ ሲያጨስ ቆይቷል፤ ሰውነቱ ስለለመደው መጠኑን በፍጥነት ወደ ሦስት ግራም በቀን አሳደገ፤ ሥራውን ችላ እስከማለት ደረሰ። ሆስፒታል ገብቶ ሲያቋርጥ ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን ድረስ ውስጡ መረጋጋት አቅቶት፣ ሌሊት እየቃዠ፣ በላብ እየተጠመቀ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ እያቅለሸለሸውና ራሱን እያመመው ቆይቷል፤ የደም ግፊቱና የልብ ምቱም ከፍ ብሎ ነበር። በዚህ ሁሉ መሐል ዕፁን መመኘቱ አልተወውም። ከዚያ ቀደም ምርቱ በጠፋበት ጊዜ ተመሳሳይ ምልክት እንደተሰማውም ተናግሯል።

የአንድ ሰው ታሪክ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም ሊባል ይችላል፤ ትክክል ነው። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ከተለያዩ አገሮች የወጡ የሕክምና ዘገባዎች ተመሳሳይ ሥዕል ሰጥተዋል፤ በከባድ ተጠቃሚዎች ላይ ሕመሙ ከመጨረሻው ማጨስ በኋላ በሰዓታት ውስጥ እንደሚጀምር፣ አንዳንዶቹም በማቋረጣቸው የሚጥል መንቀጥቀጥ እንደያዛቸው ተመዝግቧል። ነሐሴ 2018 በአሜሪካ ኒው ሄቨን ከተማ በአንድ አደባባይ ላይ በሁለት ቀናት ውስጥ መቶ ያህል ጊዜ የአምቡላንስ ጥሪ ሲደረግ፣ ታክመው ከወጡ በኋላ እንደገና አጭሰው የተመለሱ ሰዎች ነበሩ። ሞትን ከቅርብ አይቶ በማግሥቱ፣ ያም ካልሆነ በዚያው ቀን ወደዚያው ነገር የሚመለስን ሰው «በፈለገ ጊዜ ይተወዋል» ማለት ሱስ ምን እንደሆነ አለመረዳት ነው። በተጨማሪ፣ ለዚህ ሱስ ተብሎ የተፈቀደ የተለየ መድኃኒት የለም፤ ሕክምናው ምልክቶቹን ማስታገስ፣ የምክር አገልግሎትና ረጅም ክትትል ነው። በብዛት የሚያጨስ ሰው ለማቋረጥ ሲወስን ብቻውን በር ዘግቶ ከሚታገል፣ በሕክምና ባለሙያ እየታየ ቢያቋርጥ የሚመረጠው መንቀጥቀጡ ሊመጣ ስለሚችል ነው።

በሽንት ምርመራ አይታይም የተባለው በመሠረቱ እውነት ነው። የተለመደው የካናቢስ ምርመራ የሚፈልገው የቲኤችሲን ስብርባሪ ስለሆነ እነዚህን ውሕዶች አያገኛቸውም፤ ለአዳዲሶቹ ልዩ የላቦራቶሪ መሣሪያ ያስፈልጋል። በእስር ቤቶች የተስፋፋውም በዚህ ምክንያትና በወረቀት ላይ ተረጭቶ በደብዳቤ መልክ መግባት ስለሚችል ነው። ጸሐፊው በጥቅምነት የጠቀሱት ይህ ባሕርይ ግን በድንገተኛ ክፍል አልጋ ላይ ጉዳት ይሆናል። ሐኪሙ ራሱን የሳተ ወጣት ቀርቦለት የዕፅ ምርመራው ባዶ ሲመጣለት፣ በሽታው የስኳር ይሁን፣ የማጅራት ገትር ይሁን፣ የአንጎል ደም መፍሰስ ይሁን እያለ ሌላውን ሁሉ መፈተሽ ይጀምራል፤ ያ ጊዜ የሚባክነው ከሕመምተኛው ነው። አብሮት የነበረ ሰው እውነቱን ካልተናገረ በስተቀር መልሱ ከላቦራቶሪ የሚመጣው ከቀናት በኋላ ነው።

የቀረው አስተኝቶ መተው የሚለው ምክር ነው፤ ለዚህ የዋህነትን የሚታገሥ መልስ የለኝም። ለእነዚህ ውሕዶች ማርከሻ የለም። ለኦፒዮይድ የሚሰጠው ናሎክሶን በእነሱ ላይ አይሠራም፤ ሆኖም ከረጢቱ ውስጥ ኦፒዮይድ ተደባልቆ ሊገኝ ስለሚችል፣ ትንፋሹ ለዘገየ ሰው በእጅ ካለ መስጠቱ አይጎዳም። ሆስፒታል የሚያደርገው ትንፋሽንና ልብን መከታተል፣ መንቀጥቀጡንና ቁጣውን በማረጋጊያ መድኃኒት ማብረድ፣ ፈሳሽ መስጠት፣ ሙቀትን መቀነስና ኩላሊትን መመርመር ነው፤ ከእነዚህ አንዱም በጸጥተኛ ክፍል ውስጥ ለተኛ ሰው በራሱ አይደረግለትም። ራሱን የሳተ ሰው በጀርባው ከተኛ ትውከቱ ወደ ሳንባው ሊገባ ስለሚችል በጎኑ መተኛት አለበት። አንድ ሰው አጠገቡ ይቀመጥ፤ ሌላው የድንገተኛ እርዳታ ይጥራ፤ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ አፉ ውስጥ ምንም ነገር አይገባ፣ በኃይልም አይያዝ። የተረፈው ቅጠልና ከረጢቱ ደግሞ ተሸሽጎ ወይም ተጥሎ እንዳይቀር፣ ከሕመምተኛው ጋር ለሚመጣው ባለሙያ ይሰጥ፤ ምን እንደተወሰደ ለማወቅ ላቦራቶሪው ሊመረምረው የሚችለው የተሻለ ነገር እሱ ነው፤ በብሩክሊንም ውሕዱ በዋናው መልኩ የተገኘው ከሕሙማኑ ደም ወይም ሽንት ሳይሆን ከተያዘው ምርት ላይ ነበር።